ንጹሕ ነው የተባለው ማማ

«አንድ ቀን» ብለን እንጀምረው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሦስት ቀን ፈጅቷል። ሦስቱም ቀን ደግሞ ሐሩር ነበር። ቦታው በባሕር ጠረፍ ያለ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ ነው፤ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ቅቤ ገና በጠዋቱ ዘይት የሚሆንበት አገር። ማጣሪያው በዓመት አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሠራተኞቹ «ሻትዳውን» ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ድፍድፍ ነዳጅ ሲያፈሉ የከረሙት ማማዎች ያን ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይጠገናሉ።

የአጣቢዎቹ ካቦ እንድሪስ ይማም ይባላል። የወሎ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማማ ሲያጥብ ኖሯል፤ ሳሙናና ድኝ ተጋግዘው ጥፍሩን ቢጫ አድርገውታል፤ ምላሱን ግን አልነኩትም። እንድሪስ ሲሳደብ እንኳ በጣም በአክብሮት ስለሆነ፣ ተሰዳቢው መጀመሪያ ያመሰግነዋል፤ የሚናደደው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

ማማ ማጠብ መቼም ድስት ማጠብ አይደለም። መጀመሪያ በእንፋሎት ይቀቀላል። ቀጥሎ ቅባት የሚያሟሟ ኬሚካል ይዞርበታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፐርማንጋኔት የተበጠበጠበት ውሃ በፓምፕ ይገባበታል፤ ያው ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው፣ ውሃውን ወይን ጠጅ የሚያደርገው ዱቄት ነው። ፋርማሲ በቁንጥር ይሰጣል፤ እዚህ በበርሜል ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ነገር ነው። ነዳጁ ውስጥ ያለው ድኝ ከብረቱ ጋር እየተዋሐደ በማማው ግድግዳ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ይተኛል። ደርቆ አየር ያገኘ ጊዜ ግን ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በገዛ ራሱ ይነዳል። ባለፈው ሻትዳውን አንድ ባልዲ ቅርፊት ግድግዳ ሥር ተረስቶ የጥበቃውን ወንበር አቃጥሎበታል። ጥበቃው እስከ ዛሬ ድረስ ሲጋራ የሚያጨሰውን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ቅርፊቱ ማለቁ የሚታወቀው በቀለም ነው። ወይን ጠጅ ሆኖ የገባው ውሃ ቡናማ ሆኖ ከወጣ፣ ገና ነው። እንደገባ ወይን ጠጅ ሆኖ ከወጣ፣ ማማው ታጥቧል። የላቦራቶሪዋ ዘርትሁን በየሰዓቱ ከማማው ሥር በጠርሙስ እየቀዳች ጠርሙሶቹን ከማማው ፊት ለፊት ባለው የላቦራቶሪ መስኮት ላይ ትደረድራለች። ያን ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ጠርሙሶች ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነበሩ።

ችግሩ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ናቸው። ኢንጂነሩ የሻትዳውኑ ኃላፊ ናቸው፤ በተጨማሪም ሁሉን ያውቃሉ። ዓሣ አስጋሪዎችን ስለ ዓሣ ያስተምራሉ፤ ሐኪሙን ስለ ራሱ ስለ ሐኪሙ ጨጓራ ያስረዱታል። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዳ እንደሚመጣ በሰሙ ጊዜ ስልክ አንሥተው «ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ማማው ተከፍቶ፣ ሰው ገብቶበት ያገኙታል፤ ከዕቅዱ ሦስት ቀን ቀድመናል» ብለው ነበር። ማማው ይህን ስልክ አልሰማም።

«ስንት ሰዓት ታጠበ?» አሉ ኢንጂነሩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

«ሃያ አምስት ሰዓት አለፈው፣ ኢንጂነር» አለ እንድሪስ።

«መመሪያው ስንት ይላል?»

«ሃያ አራት ይላል።»

«ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?»

እንድሪስ አንዱን ጠርሙስ አነሣና በፀሐይ አሳያቸው። «መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ የኛን ቆሻሻ አያውቀውም ጌታዬ። ውሃው ገና ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ አላለቀም።»

«ቡናማው ዝገት ነው።»

«ዝገት አይደለም፣ ኢንጂነር» አለች ዘርትሁን። «ጠዋት መርምሬዋለሁ። ድኝ አለበት።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ኬሚስትሪ ስማር አንቺ አልተወለድሽም ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ እንድሪስ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። «ማማውም አልተወለደም ነበር።»

ከቱቦዎቹ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩ ማን እንደሳቀ ለማየት ዞሩ፤ ያገኙት ግን ቡሎን በጣም በትጋት የሚወለውሉ ስድስት አጣቢዎችን ነው።

«ውሃውን ልቀቁ። ማንሆሉን ክፈቱ። በስድስት ሰዓት ሰው ውስጥ አያለሁ» ብለው ሄዱ።

እንድሪስ «አይሆንም» ማለት አቅቶት አይደለም። ባለፈው ዓመት «አይሆንም» ያለ አንድ የፓምፕ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ከማጣሪያው ጀርባ የጨው መጋዘን ይጠብቃል። ማማው ደግሞ ያለ እሱም ተከፍቷል። እንድሪስ የጨው መጋዘኑን አልፈራም፤ የፈራው እሱ መጋዘን ሲጠብቅ ልጆቹን ማን ይጠብቃቸዋል ብሎ ነው። ልጆቹ የሚላቸው እነዚያን ስድስት ጎልማሳ አጣቢዎች ነው፤ ሁለቱ በዕድሜ ይበልጡታል።

ስለዚህ ማንሆሉን፣ ያን ሰው ተጣጥፎ የሚገባበትን ጠባብ የማማ በር፣ ከፈቱት፤ አከፋፈታቸው ግን በዓይነቱ ልዩ ነበር። ሃያ አራት ቡሎን አለው። ለእያንዳንዱ ቡሎን አንድ መፍቻ ቺያቤ ተፈለገ፤ የተገኘው ቺያቤ አልሆነም ተባለ፤ ሌላ ተፈለገ፤ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የተገኘው ሆነ። ክዳኑ ሲነሣ እንድሪስ የውሃ ጎማ ወስዶ በቀዳዳው አስገባና ግድግዳውን ማርጠብ ጀመረ። ቅርፊቱ እስካልደረቀ ድረስ ይተኛል። ጎማው ከተዘጋ ግን በዚያ ሙቀት ሳይደርቅ አንድ ሰዓትም አይቆይም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ኢንጂነሩ የመግቢያ ፈቃዱን ወረቀት ይዘው መጡ። ካቦው የሚፈርምበት ቦታ ባዶ ነበር።

«ለምን አልፈረምክም?»

«እጄ ርሷል ጌታዬ። ወረቀቱን አበላሽብዎታለሁ።»

«የጎደለው ፊርማ ከሆነ እኔ እፈርማለሁ» አሉና በካቦው ቦታ ላይም በራሳቸው ቦታ ላይም ፈረሙ። ከዚያ ወደ ሁመድ ዞሩ።

ሁመድ የአፋር ሰው ነው፤ ከአጣቢዎቹ ሁሉ ቀጭኑ እሱ ስለሆነ ማንሆል ውስጥ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ሦስት ጊዜ ታጭቶ ሦስቱም ሳይሆን ቀርቶ፣ በአራተኛው ተሳክቶለት የፊታችን እሑድ ሠርጉ ነው። ይህን በማጣሪያው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሁመድ ለፓምፖቹ ሳይቀር ነግሯቸዋል።

«ሁመድ፣ አሁን ከገባህ የሠርግ ፈቃድህን ዛሬውኑ እፈርምልሃለሁ» አሉ ኢንጂነሩ። «ካልገባህ ግን ሻትዳውኑ እስኪያልቅ ከዚህ ግቢ የሚወጣ ሰው የለም።»

ሁመድ እንድሪስን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ የወገቡን ቀበቶ ማጥበቅ ጀመረ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ እንድሪስ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ እኮ ነው። እሮጣለሁ። ገባ ብዬ ብቅ እላለሁ።»

«እሳት ሲነሣ ሙሽራ ነው ብሎ የሚያልፍህ ይመስልሃል?»

«እሑድ ሳልገኝ ብቀርስ? ይቺም ትሄዳለች ጋሼ። ወላሂ ትሄዳለች። አባቷ አሁንም በግማሽ ልቡ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንድሪስን ሲያድነው የኖረ አፉ በዚህች ቀን ከዳው። ሁመድን ይወደዋል። ሁመድ ለሽምግልና የላከው እሱን ነበር፤ ያን በግማሽ ልቡ ያለ አባት ሦስት ጊዜ የለመነው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ለሙሽራዋ ቤት ምን ይዤ ልሄድ ነው ብሎ አሰበ።

በዚህ መሐል የእንግዳው መኪና ደረሰች።

«ያን ጎማ ዝጉት!» ብለው ጮኹ ኢንጂነሩ። «የእንግዳው ጫማ ጭቃ ሊነካ ነው!» ራሳቸው ሄደው ቧንቧውን ጠመዘዙት። ከማማው ውስጥ ይሰማ የነበረው የውሃ ድምፅ ቆመ። እንድሪስ በልቡ ደቂቃ መቁጠር ጀመረ።

ከመኪናዋ የወረዱት አቶ ቢተው ይባላሉ። ግዙፍ፣ ዝግተኛ፣ መልካም ፊት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ስለነበሩ ረኃቡ ከፊታቸው ይነበባል።

«ይሄ ነው ማማው?» አሉ።

«ይሄ ነው!» አሉ ኢንጂነሩ። «ከመመሪያው አንድ ሰዓት ጨምረን አጥበነዋል። እኔ ራሴ ነኝ የተከታተልኩት። ንጹሕ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ መጥቶ ይሄን ይይ። አቶ ቢተው፣ አላጋነንኩም፤ ውስጡ ትሪ ዘርግተው ምሳ የሚበሉበት ነው!»

እንድሪስ ቀና አለ። አፉ ተመለሰለት።

«ዘርዬ» አለ፣ «የእንግዳው ምሳ የት ነው የተሰናዳው?»

«ማረፊያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«በይ ከነትሪው፣ ከነማስታጠቢያው አስመጪልኝ። ቶሎ!»

ዘርትሁን ምን እንደታሰበ አልገባትም፤ ግን የእንድሪስን ዓይን አይታ ሮጠች። እሱ በበኩሉ ሄዶ የውሃውን ቧንቧ መልሶ ከፈተና ጎማውን በማንሆሉ ከተተው።

«ዝጉ አላልኩም?» አሉ ኢንጂነሩ።

«ምን ነካዎት ጌታዬ፣ እንግዳ ሊቀመጥበት እኮ ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት ወለል ውሃ ካልተረጨ አቧራው ይነሣል» አለ እንድሪስ። «ባለጌዎች ናቸው እንባል?»

አቶ ቢተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸውም ቤት ወለሉ ሳይረጭ እንግዳ አይቀመጥም።

ትሪው መጣ። ሁለት የማረፊያ ቤቱ አስተናጋጆች ግራና ቀኝ ይዘውታል፤ ዶሮው፣ ጥብሱ፣ አይቡ ሳይቀር ተሟልቷል። እንድሪስ የቱታውን እጅጌ ሰብስቦ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ማስታጠቢያውን ይዞ ማንሆሉ አጠገብ ቆመ። የሠርግ ቤት አሳላፊ እንዲህ አያምርበትም። አምስቱ አጣቢዎች ነገሩ ስለገባቸው በሁለት ረድፍ ቆመው መንገድ ሠሩ። ሁመድ ብቻ ቀበቶውን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ኢንጂነሩ።

«ምሳ ነዋ። ኢንጂነር እንዳዘዙት ውስጥ እንዲሆን ነው። እንግዳ ይቅደሙ፤ ይግቡ አቶ ቢተው!»

አቶ ቢተው ማንሆሉን አዩት፤ ከዚያ ሆዳቸውን አዩት። «እኔ በዚህ ከገባሁ የምወጣው በሚቀጥለው ሻትዳውን ነው» አሉ። «ኢንጂነር ይቅደሙ።»

«ኧረ እርስዎ እያሉ!» አሉ ኢንጂነሩ።

«ኧረ በፍጹም! ቤቱ የእርስዎ ነው።»

«እንግዳ ሳይቀድም? በሞቴ!»

«በሞትኩት! ይግቡ!»

የኛ ሰው በር ላይ ቆሞ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ሲባባል ወጡ እንደሚቀዘቅዝ ይታወቃል። ይሄኛው በር ግን ከሁሉም በረታ፤ እንዲህ አድርጎ ሰውን ትሑት ያደረገ በር አልታየም። ውስጡ እየረጠበ ሄደ፤ እንድሪስም መቁጠሩን አቆመ።

አቶ ቢተው የእውነት ርቧቸው ስለነበር በመጨረሻ «ኢንጂነር፣ እባክዎ ይግቡና እኔ ከውጭ አጎርስዎታለሁ፣ እርስዎም ያጎርሱኛል» አሉ።

ኢንጂነሩ ላባቸውን ጠረጉ። «እኔ... ዛሬ ጾም ነኝ።»

«ሐሙስ ነው እኮ!» አለ ሁመድ፣ ድንገት ነቅቶ። እሱ ሙስሊም ነው፤ ግን የማጣሪያው ምግብ ቤት ሥጋ የማይሠራበትን ቀን ማንም ሰው ያውቃል።

«ልብሴም የሥራ ልብስ አይደለም።»

እንድሪስ ወዲያው የራሱን ቱታ አወለቀና በሁለት እጁ ይዞ፣ ካባ እንደሚያለብስ ሰው፣ በካናቴራና በቁምጣ ቆሞ ጠበቃቸው። ዘርትሁን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወገቤንም ያመኛል! ጎንበስ ማለት ተከልክያለሁ።»

«አብሽሩ ጌታዬ! ጎንበስ ምን ያስፈልጋል?» አለ እንድሪስ። «አራቱ ልጆች ቃሬዛ አድርገው ያስገቡዎታል። እግርዎን ያስቀድማሉ ወይስ ራስዎን?»

አራቱ ልጆች አንድ እርምጃ ቀረቡ። እንድሪስም ከኢንጂነሩ ኋላ ሄዶ ቆመ፤ ሰውዬው እልህ ይዟቸው የእውነት አንድ እግር ቢያነሡ ቀበቷቸውን ይዞ ሊያስቀራቸው ነው። ምንም ቢሆኑ የሰው ልጅ ናቸው፤ ቤታቸው የምትጠብቃቸው ደግ ሚስት አለቻቸው።

እግር አልተነሣም። ይልቅስ የኢንጂነሩ ፊት ቀላ፣ አንገታቸው ተገተረ፣ ከእንግዳው ፊት መሆናቸውንም ረሱት።

«አንተ ሰውዬ!» ብለው ጮኹ። «ስድስት ጤነኛ ሰው አሰልፈህ እኔን ግባ ትለኛለህ? ማማ ውስጥ መግባት የማን ሥራ ነው? የእኔ ነው ወይስ የእናንተ?»

እንድሪስ ቱታውን እንደያዘ፣ በቁምጣው፣ በጣም በአክብሮት እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኛ አጣቢዎች ነን፤ እንጀራችን ያለው ከቆሻሻ ጋር ነው። ማማው ቆሻሻ ከሆነ የእኛ ነው፤ ውሃውን ይመልሱልንና እንጠበው። ንጹሕ ከሆነ ግን የእኛ ሥራ አልቋል፤ እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው ቆሞ እያየ፣ ንጹሑን ቦታ እኛ ምን ዓይን አለንና ቀድመን እንገባበታለን?»

አቶ ቢተው ከትሪው ላይ ያነሷትን ጉርሻ እጃቸው ላይ እንደያዙ ማንሆሉን አዩ፣ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ቡናማ ጠርሙሶች አዩ፣ በሁለት ረድፍ የቆሙትን ሰዎች አዩ። ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሥቶ እስኪወጣ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ሲወጣ ግን ትሪውን የያዙት ሁለቱ ሰዎች ወጡ እንዳይደፋ መሬት ላይ ሊያስቀምጡት ግድ ሆነ።

«እንግዲህ ይቁረጡ፣ ኢንጂነር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይገባሉ ወይስ ይታጠብ?»

ኢንጂነር ልሳነወርቅ ማንሆሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብለው አዩት። ወገባቸውን ምንም አላላቸውም።

«ይታጠብ» አሉ።

ሁመድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ውሃው እንደገባ ወይን ጠጅ ሆኖ ከወጣ በኋላ፣ ማማው ውስጥ ገብቶ በደኅና ወጣ፤ ፈቃዱ ተፈርሞለት እሑድ አገባ።